በመናፈሻ ውስጥ የማይቈጠረው ሰው፤ ስለ ዊልያም ኋይት ትምህርትና ስለ ብራያንት ፓርክ የቀረበ ሒስ

የሕዝብ መናፈሻ ማለት ዛፍ፥ ሣርና አበባ የተተከለበት ሥፍራ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መናፈሻን መመርመር የአትክልተኛ ሥራ እንጂ የማኅበራዊ ኑሮ ተማሪ ሥራ ባልሆነም ነበር። ነገር ግን መናፈሻ ከዛፉና ከአበባው ሌላ በር አለው፤ አጥር አለው፤ መቀመጫ አለው ወይም የለውም። እነዚህም ነገሮች አንደበት ባይኖራቸው አንዱን ሰው ግባ፥ ሌላውን እለፍ ይሉታል፤ የገባውንም ተቀመጥ፥ ቁም፥ ቶሎ ውጣ እያሉ ያዝዙታል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ትእዛዝ ነው። ለምርመራችንም የመረጥነው፥ አሜሪካዊው ዊልያም ኋይት በ1980 ስለ ትንንሽ የከተማ አደባባዮች ማኅበራዊ ሕይወት ባሳተመው መጽሐፍ የሰጠውን ትምህርትና፥ ትምህርቱ በሥራ የተፈተነበትን በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኘውን ብራያንት ፓርክን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ኋይት የሕንፃ መሐንዲስ አልነበረም። ፎርቹን በሚባለው መጽሔት ሲጽፍ የኖረ ጋዜጠኛ ሲሆን፥ ስሙ የታወቀው በ1956 ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኛ ኑሮ ባወጣው መጽሐፍ ነው። ወደ አደባባይ ጥናት የገባው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ በ1961 ባወጣው የሕንፃ ደንብ፥ በሕንፃው ፊት ለሕዝብ የሚሆን ክፍት ቦታ የሚተው ባለሀብት ከተፈቀደው ልክ በላይ ፎቅ እንዲጨምር ይፈቅድለት ነበር። ባለሀብቶቹም ፎቁን ጨመሩ፤ ቦታውንም ተዉ። ይሁን እንጂ ከተተዉት ቦታዎች ብዙዎቹ ባዶ የድንጋይ ንጣፍ ሆነው ቀሩ፤ ሰው ያልፍባቸው እንደ ሆነ እንጂ አይቀመጥባቸውም ነበር። በአንጻሩ ደግሞ በ1958 የተፈጸመው የሲግራም ሕንፃ አደባባይ በምሳ ሰዓት በሰው ይሞላ ነበር። ኋይትና ወጣት ረዳቶቹ ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ ለማወቅ ከፍ ካለ ሥፍራ ላይ የፊልም ካሜራ እየተከሉ፥ ማን የት እንደ ተቀመጠና ምን ያህል እንደ ቈየ ይመዘግቡ ጀመር።

ውጤቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የቦታው ስፋትና የቅርጹ ውበት ያን ያህል ለውጥ አያመጡም፤ ፀሐይም ብትረዳ ብቻዋን አትወስንም። ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ይህን ለማወቅ ያን ያህል ፊልም ማባከን ያስፈልግ ነበርን? ብሎ የሚስቅ አንባቢ አይጠፋም፤ ኋይትም ራሱ የግኝቱን ተራነት ለመሸፈን አልሞከረም። ዳሩ ግን ይህ ተራ ነገር አደባባዮቹን ለሠሩት ሰዎች ተራ አልነበረም። እንዲያውም አንዳንድ ባለ ሕንፃዎች መንገደኛ ዐረፍ እንዳይልባቸው በዝቅተኛው ግንብ ጠርዝ ላይ የብረት እሾህ እስከ መትከል ደርሰው ነበር። ከተማው በኋይት ምክር ደንቡን አሻሽሎ፥ ለእያንዳንዱ 30 ካሬ ጫማ ክፍት ቦታ 1 ጫማ ርዝመት ያለው መቀመጫ እንዲሠራ ያዘዘው በ1975 ነው። ሕዝብ መቀመጫ እንዲያገኝ በሕግ ለመጻፍ 14 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጠን የወደድነው ስለ ተንቀሳቃሽ ወንበር የተጻፈውን ነው። ኋይት በፊልሙ እንዳየው፥ ሰው ወደ ባዶ ወንበር ሲደርስ ወዲያው አይቀመጥም፤ ወንበሩን ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ወይም ወደ ጐን ይስበውና ነው የሚቀመጠው። ብዙ ጊዜም በአዲሱ ቦታ ላይ ከፊተኛው የተሻለ ጥላ ወይም ፀሐይ የለም። ታዲያ ለምን ሳበው? የኋይት መልስ፥ ሰውዬው ያቺን ስንዝር በመሳቡ ቦታውን የራሱ አደረገ፤ ጐረቤቱንም ልረብሽህ አልመጣሁም አለው የሚል ነው። ይህን አተረጓጐም ለመቀበል እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እንግዳ ወደ ቤታችን ሲገባ በርጩማውን አንሥተን ጥቂት ጠጋ እናደርግለታለን፤ በርጩማው ርቆ አይደለም፤ ቦታ አለህ ለማለት ነው። በመሬት ላይ የተቸነከረ አግዳሚ ወንበር ግን ይህን ማለት አይችልም። ሦስት ወዳጆች ቢቀመጡበት መካከለኛው አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር ይውላል፤ ብቸኛ ሰው ቢቀመጥበት ደግሞ ማንም መጥቶ ከጐኑ ሊቀመጥ እንደሚችል እያሰበ ነው። የአግዳሚው ሠሪ የሰዎቹን ዝምድና ሳያያቸው ወስኖታል። ሊነሣ የሚችል ወንበር ግን በሕዝቡ ላይ እምነት የሚጣልበት ዕቃ ነው፤ ሌባ ይወስደዋል የሚለው ሥጋት መነሣቱ አይቀርምና።

አሁን ወደ ብራያንት ፓርክ እንምጣ። መናፈሻው በማንሃተን መካከል፥ በ40ኛውና በ42ኛው መንገድ መካከል፥ በ1911 ከተከፈተው ከታላቁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ይገኛል። የዛሬውን መልክ መሠረት ያገኘው በ1934፥ ሮበርት ሞዝስ የከተማው የመናፈሻዎች ሹም በነበረበት ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን የተከተሉት አሳብ መናፈሻ ከከተማው ሁከት መሸሸጊያ ነው የሚል ነበር። በስድስተኛው ጐዳና ላይም በብረት ምሰሶ ከፍ ብሎ የሚሄድ ባቡር ሲያጓራ ይውል ነበርና አሳቡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ መናፈሻውን ከመንገዱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረጉት፤ ዙሪያውን በግንብ፥ በብረት አጥርና በቍጥቋጦ ከለሉት፤ መግቢያዎቹንም ጥቂትና ጠባብ አደረጓቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1939፥ የብረቱ መንገድ ፈርሶ ተነሣ። ለጩኸቱ ተብሎ የተሠራው ግንብ ግን ጩኸቱ ከጠፋ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ቆሞ ቀረ።

በ1970ዎቹ ብራያንት ፓርክ የአደንዛዥ ዕፅ ገበያ ሆኖ ነበር። ኋይት ሥፍራውን እንዲመረምር ተጠይቆ ባቀረበው አስተያየት የወቀሰው ሰዎቹን ሳይሆን ግንቡን ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ውስጡን ማየት አይችልም፤ የማያየውን ሥፍራ ይፈራል፤ ስለሚፈራም አይገባም፤ ሰው በማይገባበት ሥፍራ ደግሞ መደበቅ የሚሻ ሁሉ ይመቸዋል። ዕፅ ሻጩ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ከውጭ አለመታየትና የሚገባውን አስቀድሞ ማየት። የ1934ቱ ሥራ ለጸሎተኛ የሚሆን ጸጥታ እሰጣለሁ ብሎ ለሻጩ ሁለቱንም ሰጠው።

በ1980 መናፈሻውን የሚያድስ የግል ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1988 መናፈሻው ተዘጋ፤ በ1992 የመሬት አቀማመጥ ሊቅ የሆነው ሎሪ ኦሊን በነደፈው መልክ እንደ ገና ተከፈተ። ቍጥቋጦው ተነሣ፤ መግቢያዎቹ ሰፉ፤ አዲስ መግቢያም ተከፈተ፤ በሣሩም ዳርና ዳር ተንቀሳቃሽ ወንበሮች ተበተኑ። ከሣሩ በታች የቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት የሚቀመጡበት ምድር ቤት ስለ ተሠራ፥ ዛሬ በዚያ ሣር ላይ የሚተኛ ሰው በብዙ ሺህ መጻሕፍት ላይ ተኝቷል ማለት ነው፤ ለተማሪ የሚያስቀና አልጋ ነው። በምሳ ሰዓት ሥፍራው በሰው ይሞላል። ሴቶችም በብዛት ይገኙበታል፤ ይህንም መጥቀሳችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋይት የሴቶችን ብዛት የአንድ አደባባይ ደኅንነት ምልክት አድርጎ ይቈጥረው ነበርና።

እስከዚህ ድረስ ከኋይት ጋር ነን። የምንለያየው ከዚህ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ፥ በ1992 የተለወጠው ግንቡና ወንበሩ ብቻ አልነበረም። ዘበኛ ተቀጠረ፤ ጽዳቱ በየሰዓቱ ሆነ፤ ንጹሕ መጸዳጃ ተከፈተ፤ ምግብና ቡና መሸጥ ተጀመረ፤ ገንዘቡም በዙሪያው ካሉት ባለ ሕንፃዎች በሚሰበሰብ መዋጮ መጣ። ከዚያ በፊት ግን ከተማው በ1975 ወደ ኪሳራ አፋፍ ደርሶ መናፈሻዎቹን ለመጠበቅ አቅም አጥቶ ነበር። አምስት ነገር በአንድ ቀን ለውጦ ውጤቱን ለአንዱ መስጠት በሳይንስ ትምህርት ክፍል ያሉት ጓደኞቻችን የሚቀበሉት አሠራር አይደለም። ንድፉ ብዙ እንደ ሠራ እናምናለን፤ ብቻውን ሠራው የሚለውን ግን ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ አንቀበልም። አዲስ መግቢያ ከፍተው የሚጠብቀውና የሚያጸዳው ሰው ሳይቀጥሩ የኋይትን ምክር ፈጸምን የሚሉ ከተማዎች ቢኖሩ የመጽሐፉን ግማሽ ብቻ አንብበዋል።

ሁለተኛውና ዋናው ክርክራችን ግን ስለ ቈጠራው ነው። የኋይት ትምህርት ሲጠቃለል፥ የማይፈለግን ሰው ማባረሪያው መንገድ ሥፍራውን ለሌላው ሁሉ ማራኪ ማድረግ ነው የሚል ነው። ለደራሲው ፍርድ እንስጥ፤ በጭካኔ አልተናገረውም። እንዲያውም በአደባባይ የሚያንቀላፋ ሰካራም ከሚጐዳው ይልቅ እሱን ለመከላከል የሚተከለው እሾህ ሕዝቡን ይበልጥ እንደሚጐዳ ደጋግሞ ጽፏል፤ በዚህ ነገር ከብዙ መሐንዲሶች የራራ ልብ ነበረው። ይሁን እንጂ ‹የማይፈለግ› የሚለው ቃል አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ የማይፈለገው በማን ነው? ዕፅ ሻጩ ብቻ ቢሆን ጥያቄው ቶሎ ባለቀ። ነገር ግን በዚያው አግዳሚ ላይ ቤት የሌለው ሽማግሌም ይቀመጥ ነበር። ካሜራው በሥፍራው ያለውን ሰው ይቈጥራል፤ ሥፍራውን ትቶ የሄደውን ወይም ከቶ ያልመጣውን ሊቈጥር አይችልም። ስለዚህ 500 ሰው ወጥቶ 1,000 ሌላ ሰው ቢገባ ፊልሙ የሚነግረን መናፈሻው ሁለት እጥፍ እንደ ለማ ብቻ ነው።

የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ የሆነችው ሻሮን ዙኪን በ1995 ባወጣችው መጽሐፍ ብራያንት ፓርክን አጥብቃ የነቀፈችው በዚህ ምክንያት ነው። ሥፍራው በስም የሕዝብ ሆኖ ሳለ በግል ድርጅት እጅ መዋሉን፥ ቡና መሸጡም ራሱ ማን ደኅና ሰው እንደ ሆነ የመለያ ዘዴ መሆኑን ትናገራለች። ቡና ጠብ እንደሚያበርድ እኛ ለማንም ልናስተምር እንችላለን፤ ነገር ግን በኛ አገር ቡና የሚጠጣው ጐረቤት ተጠርቶ ነው። ዋጋው በሰሌዳ የተጻፈ ቡና ጐረቤትን ከጐረቤት ይለያል። ይህን ካልን በኋላ ግን የዙኪን ፍርድ ጥቂት የከረረ ይመስለናል። በብራያንት ፓርክ መግቢያ አይከፈልም፤ በወንበሩ ላይ ለመቀመጥም ምንም መግዛት ግዴታ አይደለም። አንድ ሳንቲም የሌለው ሰው ወንበሩን ስንዝር ስቦ ሊቀመጥ ይችላል። በብዙ ከተማዎች ሰው እንዳይጋደምበት በመካከሉ የብረት ክንድ የተገጠመለትን አግዳሚ ላየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማግለል ግንብ ወይም ዋጋ ብቻ እንዳይመስለን ከብራያንት ጥቂት ወደ ሰሜን ሄደን ሴንትራል ፓርክን ማየት ይጠቅማል። ኦልምስቴድና ቮክስ በ1858 ንድፋቸው ተመርጦ የሠሩት ይህ መናፈሻ፥ ሀብታምና ድኻ በአንድ ሥፍራ አየር የሚቀበሉበት የዲሞክራሲ ሥራ ነው ተብሎ ሲመሰገን ኖሯል። ሆኖም መሬቱ ባዶ አልነበረም። ሴኔካ መንደር የሚባል፥ 225 ያህል ሰዎች የሚኖሩበት፥ አብዛኞቹም ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑ፥ አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤት ያለው መንደር በ1857 ፈርሶ ነው መናፈሻው የተተከለው። ከተከፈተ በኋላም በሩ ለሁሉ ክፍት ነበር፤ ደንቡ ግን እንዲህ ይል ነበር፤ በቡድን ሆኖ ምግብ ይዞ መጥቶ መብላት ክልክል ነው፤ ልጆች በሣሩ ላይ ኳስ የሚጫወቱት ከትምህርት ቤታቸው ሹም ደብዳቤ ሲያመጡ ነው፤ ነጋዴ ዕቃ በሚጭንበት ጋሪ ቤተ ሰቡን ይዞ መግባት አይችልም። በዚህ ደንብ ውስጥ ድኻ የሚል ቃል የለም። ነገር ግን የሽርሽር ሠረገላ ያለው ገባ፤ ያለው አንድ የሥራ ጋሪ ብቻ የሆነ ባለ ሱቅ በር ላይ ቀረ። በእሑድ በቡድን መብላት የለመዱት የጀርመንና የአይርላንድ ተወላጆችም ሌላ ሥፍራ ፈለጉ። ለሁሉ እኩል የተጻፈ ደንብ በሁሉ ላይ እኩል አይወድቅም።

እንግዲህ ያልመጣውን ሰው እንዴት መቈጠር ይቻላል? የሚለው ጥያቄ ይቀራል። አንድ መልስ የተገኘው ከኦስትሪያ ዋና ከተማ ከቪየና ነው። በዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ በተደረገ ጥናት፥ ሴቶች ልጆች ዘጠኝ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከመናፈሻ እየጠፉ እንደሚሄዱ፥ ወንዶቹ ግን በዚያው እንደሚቀሩ ታወቀ። ማንም አልከለከላቸውም፤ በር አልተዘጋባቸውም፤ ደንብ አልተጻፈባቸውም። ምክንያቱ ሰፊው ክፍት ቦታ አንድ ብቻ መሆኑ ነበር፤ አንድ በሆነ ጊዜ ኳስ የያዘውና ጕልበት ያለው ይወስደዋል፤ ሴቶቹም ልታገል ከማለት ይልቅ ትተው መሄድን መረጡ። ከተማው በ1999 በአምስተኛው ቀበሌ ያሉ ሁለት መናፈሻዎችን እንደ ገና አስነደፈ። ሰፊውን ቦታ በመንገድና በተክል ከፋፈሉት፤ የመረብ ኳስና የባድሜንተን መጫወቻ ጨመሩ። ሴቶች ልጆችም ተመለሱ፤ ወንዶቹም አልወጡም። አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማባረር ግዴታ እንዳልሆነ ያሳየ ሥራ ስለ ሆነ፥ እኛ ከብራያንት ፓርክ ይልቅ ይህን እንመርጣለን። ዝናው ከብራያንት ማነሱም ይገርመናል፤ ምናልባት በዙሪያው የሚሸጥ ፎቅ ስለሌለ ይሆናል።

ስለ ኒው ዮርክና ስለ ቪየና ይህን ያህል የጻፍነው ጥያቄው በአዲስ አበባም ስለ ተነሣ ነው። ባለፉት ዓመታት በከተማችን ትልልቅ መናፈሻዎች ተከፍተዋል፤ በ2019 በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ፥ በ2020 የእንጦጦ ፓርክ። ስለ ውበታቸው የሚጻፈው ብዙ ስለ ሆነ እኛ አንጨምርበትም። የኋይትን መለኪያ ይዘን ስንቀርብ ግን ገና ዛፉን ሳናይ የምናገኘው በሩን ነው። ወደ አንድነት ፓርክ የሚገባ ሰው ይከፍላል። ለጥበቃና ለጽዳት ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ከብራያንት ፓርክ ተምረናል፤ ዳሩ ግን በዚያ ገንዘቡ የመጣው ከባለ ሕንፃው እንጂ ከተቀማጩ አይደለም። አምስት ልጆች ያሏት እናት በር ላይ የምታሰላው ሒሳብ አንድ ወጣት ከሚያሰላው ጋር አንድ አይደለም፤ በሴንትራል ፓርክ በር ላይ የቆመው ጋሪ የሚታወሰንም እዚህ ላይ ነው።

በአንጻሩ የመስቀል አደባባይን ተመልከቱ። እርከኖቹ የተሠሩት ሕዝብ ተቀምጦ በዓልና ሰልፍ እንዲያይባቸው ነው፤ ነገር ግን ሯጮች ለብዙ ዓመታት ማለዳ ማለዳ በነዚያ እርከኖች ሲመላለሱ ኖረዋል። ይህን ማንም መሐንዲስ አላዘዘም። ረጅምና ደረጃ ያለው፥ አጥር የሌለው፥ የማያስከፍል ሥፍራ ስለ ተገኘ ሰው ራሱ ሥራ ሰጠው። ጥላ ፈላጊው ደግሞ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በዋርካውና በጽዱ ሥር አሮጊቶች፥ ለማኞች፥ ተማሪዎች፥ ከገጠር የመጡ እንግዶች በአንድነት ተቀምጠው ይውላሉ፤ ማንም ምን ልትገዛ መጣህ አይላቸውም። ይህም ቢሆን ከነጕድለቱ ነው፤ የእርከኑ ደረጃ ለሯጭ ቢመች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው እንደ ግንብ ነው፤ የደብሩ ጥላም ሃይማኖቱ ሌላ ለሆነ ሰው እኩል አይቀርብም። እኛም ራሳችን በሩ መታወቂያ ከሚጠይቅ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን መጻፋችንን አንረሳም።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ቈጠራ ነው፤ ግን ከኋይት ቈጠራ የሰፋ። ካሜራ አያስፈልግም፤ ደብተርና ሰዓት ይበቃል። ሁለት ተማሪዎች በውስጥ፥ ሁለት ደግሞ ከበሩ ውጭ ይቁሙ። የውስጦቹ የተቀመጡትን በጾታና በግምት ዕድሜ፥ ምንም ሳይገዙ የተቀመጡትንም ለይተው ይጻፉ። የውጮቹ ዋጋውን ጠይቀው የተመለሱትን፥ ዘበኛ ያቆማቸውን፥ በር ላይ ቆመው አይተው ያለፉትን ይጻፉ። ከዚያም በሰፈሩ ውስጥ ከዘጠኝ ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ልጆች ከሰዓት በኋላ የት እንደሚውሉ ቤት ለቤት ይጠየቅ። ቈጠራው በበጋ ብቻ ተደርጎ እንዳይቀር እናሳስባለን። ኋይት የጻፈው ሰው ፀሐይን ፈልጎ ለሚወጣበት ከተማ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ተንቀሳቃሽ ወንበር ማን ያነሣዋል፥ የትስ ይገባል፥ መጠለያ ያለውስ የትኛው መናፈሻ ነው ለሚለው ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ መልስ አላገኘንም።